በስኳር ፋንታ ኮላ፦ የሁለት ጣውላ ህትመት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ አናጢው ዘንድ ሄጄ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ አስቆረጥኩ። አራት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 40 በ60 ሳንቲ ሜትር። ለምን እንደምፈልገው ሲጠይቀኝ «ለህትመት ነው፤ ቀርጬ፣ ቀለም ቀብቼ ወረቀት ላይ አትምበታለሁ» አልኩት። መጋዙን አቁሞ «ማኅተም መሆኑ ነው?» አለኝ። ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት፤ የምሩን ነው። ይህን የሚያክል ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት እንደሌለ እስካስረዳው ድረስ ሁለተኛውን ቁራጭ አልቆረጠልኝም።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ሁለት ዓይነት ሥራ ስሠራ ቆይቻለሁ። አንደኛው በማስመሪያና በኮምፓስ ተነድፎ የሚቀረጽ፣ ክብና ትይዩ መስመር የበዛበት ህትመት ነው። ሁለተኛው ወለል ላይ ወረቀት ዘርግቼ በሰፊ ብሩሽ በአንድ ትንፋሽ የምጨርሰው ሥዕል ነው። ሁለቱ በአንድ ቤት እየኖሩ እንደተኳረፉ ዘመዶች ሆነውብኛል። አሁን አንድ ወረቀት ላይ ላስቀምጣቸው ነው፤ ከታች መስመሩ፣ ከላይ ምቱ። «ምት» የምለው እጅ ከትከሻ ጀምሮ ተንቀሳቅሶ ብሩሹ ጥሎት የሚሄደውን ዱካ ነው። የተሻለ ቃል እስካገኝ በዚሁ እቀጥላለሁ።

ዕቅዱ፦ ሁለት ጣውላ፣ ሁለት ቀለም፣ አሥር ቅጂ። ከገና በፊት ይጠናቀቃል ብዬ ግድግዳው ላይ ጽፌአለሁ።

ኅዳር 6

ለታችኛው ጣውላ ንድፍ ፍለጋ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ጋሼ ግቢያችን ውስጥ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው፤ ዕቃቸውን ካጥሩ ሥር ተክለው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድደው ከጠዋት እስከ ማታ ይወረውራሉ። ለዓመታት ድምፁን እየሰማሁ ሠርቻለሁ እንጂ አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን አይቼ አላውቅም ነበር።

የነጠላው ነጩ ክፍል ሲሠራ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል፤ ዓይን አይከተለውም። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። ጋሼ ጎንበስ ብለው ድሩን በጣታቸው ይለያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይቆጥራሉ። ቀዩን ክር በእጃቸው ያሳልፋሉ፣ ይመታሉ፣ እንደገና ይቆጥራሉ። ወረቀት የለም፣ ንድፍ የለም፣ ማስመሪያ የለም።

ጥለቱ ላይ ያለውን ሰያፍ መስመር አሳየኋቸውና «ጋሼ፣ ይህን አዘንብለው የሚያስኬዱት እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ማዘንበል የለም» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ድር ቁም ነው፣ ማግ አግድም ነው። ሁለት ክር ትዘልያለሽ፣ አንድ ትወጫለሽ። ደረጃ ነው፤ አንቺ ርቀሽ ስላየሽው ነው ያዘነበለው።»

ጠጋ ብዬ አየሁት። እውነትም ደረጃ ነው። ሁለት ክር ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ላይ፤ ሁለት ክር ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ላይ።

ማታ ንድፉን አወጣሁ። ጣውላውን ከላይ እስከ ታች የሚሞሉ 24 ቋሚ መስመሮች፤ ከግራ ታች ተነስቶ ወደ ቀኝ ላይ በደረጃ የሚወጣ አንድ ሰያፍ፤ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ያለ፣ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ክብ። ክቡን ያስገባሁት ጋሼ በሸማ ሊሠሩት የማይችሉት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ትንሽ ተንኮል አለበት።

ኅዳር 9

ዛሬ ስድስት ኪሎ ሄጄ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ገባሁ። ሲጨንቀኝ የምሄድበት ቦታ ነው። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ እዚህ ያስተማረ ሠዓሊ ነው፤ አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የብራና መጻሕፍት ሥዕል ሠሪ ነበሩ። ክብ በብዙ ሥራዎቹ ይመላለሳል። የእሱ ክብ ግን የኔ ክብ ዓይነት አይደለም፤ ዙሪያውን ስትከተሉት አንዱ ቦታ ላይ ቀለሙ ይወፍራል፣ ሌላው ቦታ ላይ ብሩሹ ደርቆ ሸራው ብቅ ይላል። ቅርጹ የጂኦሜትሪ ነው፤ የተሠራው ግን በክንድ ነው። እኔ በሁለት ጣውላ ለያይቼ ልሠራው የተነሳሁትን እሱ በአንድ ብሩሽ ጨርሶታል። እየተናደድኩ ወጣሁ ማለት ይቻላል።

ወደ ሁለት ጣውላ የወሰደችኝ ጁሊ ምሕረቱ ናት። በ2008 ክረምት ሥራዎቿ እዚሁ ሙዚየም ውስጥ ሲታዩ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1970 ተወልዳ በሰባት ዓመቷ ገደማ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሚሺጋን የሄደች ሠዓሊት ናት። በሥዕሎቿ ከታች የሕንፃ ንድፍ አለ፤ መስኮት፣ ደረጃ፣ ዓምድ፣ የስታዲየም ጠርዝ፣ ሁሉም በቀጭን የተለካ መስመር። በዚያ ላይ ብርሃን የሚያስተላልፍ አክሪሊክ ቀለም ይፈስሳል፤ ሲደርቅ እንደ መስታወት እስኪለሰልስ ይፈገፈጋል፤ ከዚያ በላይ እንደ ወፍ መንጋ የሚበተኑ፣ እንደ ጭስ የሚነሱ የእጅ ምቶች ይመጣሉ። ከዚያ ሌላ አክሪሊክ፣ ሌላ ንድፍ። እ.ኤ.አ. በ2012 የሠራቻቸው «ሞገማ» የተባሉት አራት ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ቁመት አላቸው። የካይሮው የታሕሪር አደባባይ የመንግሥት ሕንፃ የተነደፈባቸው ናቸው፤ ከሌሎቹ አደባባዮች መካከል የእኛም መስቀል አደባባይ አለበት። እኔ መስቀል አደባባይን በየቀኑ በታክሲ አልፈዋለሁ፤ እዚያ ሥዕል ውስጥ ግን ብፈልገው ላገኘው አልችልም። ሌሎቹ መስመሮች ከሥራቸው ውጠውታል።

ኅዳር 14

ከጠዋት ጀምሮ ወለሉ ላይ ነኝ። ከሰፈር ሱቅ የለቀምኩትን አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቼ፣ ለግድግዳ ኖራ በሚሆነው ሰፊ ብሩሽ ምቱን እየፈለግኩት ነው። ቀለሙ በውኃ የቀጠነ ጥቁር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከታች ግራ ተነስቶ ክቡን ሰብሮ የሚያልፍ፣ ጫፉ ላይ የሚበተን አንድ ምት።

61 ጋዜጣ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ በሙሉ ቆንጆ ናቸው፤ ለዚህ ነው የጣልኳቸው። እጄ የሚያውቀውን ጥምዝ ይሠራል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ልክ ፊርማ ስንፈርም እንደምናደርገው ቀንጨብ ያደርጋል። ከሠላሳ በኋላ ትከሻዬ ደከመና ቀንጨብ ማድረጉ ጠፋ። 38ኛው ላይ ብሩሹ ጋዜጣው እጥፋት ላይ ተደናቅፎ ጥቂት ዘለለና እንደገና አረፈ። ያ ነው። ከእሱ በኋላ ያሉት 23ቱ እሱኑ ለመድገም ስሞክር የባከኑ ናቸው።

ምቱ ከአንድ ሰኮንድ በላይ አልፈጀም።

ኅዳር 27

የመስመሩ ጣውላ ዛሬ ተቀርጾ አለቀ፤ አሥር ቀን ፈጀ። ስለዚህ ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ወገብ ያማል፣ መሮ ይዶለዱማል፣ ይሳላል። ኮምፔንሳቶ ለሚሞክር ሰው የምነግረው አንድ ነገር ቢኖር ይህን ነው። እንጨቱ ከተዘረጋበት አቅጣጫ ጋር ስትቀርጹ መሮው እንደ ቅቤ ይሄዳል፤ አቋርጣችሁ ስትቀርጹ ግን ላዩ እየተሰነጠረ ከመስመሩ ውጭ ይነቀላል። መፍትሔው መሮውን ከማንሳት በፊት የመስመሩን ሁለቱን ጠርዞች በስለታም ምላጭ መብጣት ነው። ስንጥሩ ብጣቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ክቡ ላይ ደግሞ አቅጣጫው በየሩብ ዙሩ ስለሚለዋወጥ በአንድ ቦታ የበጀው አያያዝ በሌላው አይበጅም። ሦስት ሩቡን በሰላም ዞርኩ። አራተኛው ላይ ምላጩ ከእጄ አምልጦ ክቡን ወደ ውጭ ሰነጠቀው፤ 4 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን ጭረት። በኮላና በእንጨት ብናኝ ልደፍናት እችል ነበር። ደክሞኝ ስለነበር ተውኳት።

በትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ሃንሰን ባሂያ ይነገረን ነበር። ሃምቡርግ የተወለደ፣ ብራዚል ኖሮ የባሂያን ስም ለራሱ ያወጣ የእንጨት ቅርጽ አታሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መጥቶ ህትመት አስተምሯል። በእሱ ሥራ የመሮው መንገድ አይደበቅም፤ የት ገብቶ የት እንደወጣ ይታያል። ያኔ እኔ በማስመሪያ ፍቅር ታውሬ ስለነበር ንጽሕና የጎደለው ይመስለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 2

የመስመሩ ጣውላ የመጀመሪያ ሙከራ። ቀለሙ ከማተሚያ ቤት በቆርቆሮ የሚሸጠው የኦፍሴት ቀለም ነው፦ ብዙ ነጭ፣ ጥቂት ሰማያዊ፣ በቢላዋ ጫፍ ጥቁር። የጠዋት ጉም የመሰለ ግራጫ ወጣልኝ። መስታወት ላይ በሮለር ዘረጋሁት፤ ሮለሩ ሲንከባለል የሚያሰማው ድምፅ ዘይት ውስጥ ሽንኩርት ሲገባ የሚያሰማውን ዓይነት ሲሆን ቀለሙ ደርሷል ማለት ነው። ቢጮኽ በዝቷል፤ ዝም ካለ አንሷል።

ማተሚያ መኪና የለኝም፤ ወረቀቱን ከላይ በእንጨት ማንኪያ እየፈገፈግኩ ነው የማትመው። በዚህ ምክንያት ያ ሁሉ ብር ያወጣሁበት 300 ግራም ወፍራም ወረቀት ከንቱ ሆነ፤ የማንኪያው ግፊት አልፎ አይደርስም፣ መስመሮቹ እንደ በቆሎ እሸት ጥርስ ተሸራርፈው ወጡ። በ120 ግራም ወረቀት ሞከርኩ፤ ጥርት አለ። እናቴ ማንኪያው የት እንደገባ ስትጠይቅ አልመለስኩላትም።

መስመሮቹ ጥሩ ናቸው። ቅዝቃዜያቸው የምፈልገው ዓይነት ነው። ያቺ ጭረት ግን ዓይን ውስጥ ትገባለች።

ታኅሣሥ 15

የምቱን ጣውላ ቀረጽኩ። 38ኛውን ጋዜጣ በካርቦን ገልብጬ ጣውላው ላይ አስተላለፍኩና አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የብሩሹን ፀጉር ዱካ አንድ በአንድ በቀጭኑ መሮ ተከተልኩት። ከአንድ ሰኮንድ ያነሰ ነገር ለአሥራ አንድ ቀን! ጋሼ አንድ ጊዜ ገብተው አይተው «ይህን ለምን አትቀቢውም?» ብለው ወጡ።

ዛሬ አተምኩት፤ ሞቷል።

ቅርጹ ልክ ነው። ርዝመቱ ልክ ነው፤ ብሩሹ የተደናቀፈበት ቦታ እንኳ በትክክል አለ። ግን የፍጥነት ምስል ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም። ሩጫውን በዝርዝር የሚያስረዳ ሰው የሮጠ ሰው አይሆንም። የፀጉሮቹ ዱካዎች ሁሉም እኩል ውፍረት አላቸው፤ ምክንያቱም ሁሉንም የቀረጸው አንድ መሮ ነው። በመስመሩ ጣውላ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ የተለካው መስመር ላይ እጄ ይታያል፣ ያመለጠው ምላጭ ይታያል፣ እንጨቱ የተሰነጠረበት ይታያል። በሁለቱ ጣውላዎች ላይ እውነተኛ ምት ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ስህተቱ ነው።

ጭረቷ ላይ ያለኝ ቅሬታ ዛሬ አብቅቷል።

ታኅሣሥ 17

ሁለት ቀን ምንም አልሠራሁም። ሌሊት ተኝቼ ሳስበው የነበረው ስኳር ነው።

ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» የተባለ ህትመት ሠርታለች። ስድስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ሥራ ይሆናሉ፤ የታተመው ኮፐንሀገን በሚገኘው በኒልስ ቦርክ የንሰን የህትመት ቤት ነው። ከሥር ያለው የመጀመሪያው ንብርብር ከደበዘዘ ፎቶግራፍና ከደማስቆ ሕንፃዎች ንድፍ የተሠራ ፎቶግራቩር ነው፤ ፎቶግራፍ በአሲድ መዳብ ላይ የሚቀረጽበት ዘዴ ማለት ነው። ከላይ ያለው ሁለተኛው ግን ሌሎች የመዳብ ሰሌዳዎች ላይ በእጅ የተሠራ ነው፤ ከዘዴዎቹም አንዱ የስኳር ዘዴ ይባላል።

ዘዴው ይህ ነው። ስኳር በውኃ ይሟሟና እንደ ሽሮፕ ይወፍራል፤ እንዲታይ ጥቂት ጥቁር ቀለም ይገባበታል። ሠዓሊው በዚህ ሽሮፕ መዳቡ ላይ በብሩሽ እንደፈለገው ይሥላል። ሲደርቅ መዳቡ በሙሉ አሲድ በማያልፈው ስስ ቫርኒሽ ይሸፈናል። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይገባል። ውኃው ቀስ ብሎ ዘልቆ ስኳሩን ያሟሟዋል፤ ስኳሩ ሲነሳ ላዩ ላይ ያለውን ቫርኒሽ ይዞ ይነሳል። ብሩሹ ያለፈበት ቦታ ብቻ ራቁቱን ይቀራል፤ አሲዱ እሱን ይበላዋል፤ ቀለም የሚይዘውም እሱ ነው። ማንም ምንም አልቀረጸም። የብሩሹ እያንዳንዱ ፀጉር ራሱ ነው መዳቡ ላይ የተመዘገበው።

እኔ መዳብ የለኝም። አሲድ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ያውም እናቴ በምታበስልበት፣ የማይታሰብ ነው። የመዳቡን ህትመት ከጎድጓዳው አውጥቶ ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ከባድ ማተሚያም የለኝም። ጥያቄው ግን አሁን ግልጽ ነው፦ በእኔ ቤት፣ በማንኪያ በሚታተም ሥራ፣ የስኳሩን ቦታ ምን ይተካዋል? ብሩሹ የሚጥለውን ይዞ የሚደርቅ፣ ደርቆም ከፍ ብሎ የሚቆም ነገር።

ኮላ።

ታኅሣሥ 18

አናጢው ዘንድ ተመልሼ ነጩን የእንጨት ኮላ ገዛሁ። «ማኅተሙ አልሠራም?» አለኝ።

በመጽሐፍ ሽፋን ካርቶን ላይ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ሙከራ፦ ኮላው እንዳለ። ብሩሹን ይጎትተዋል፤ ምቱ ገና ሳይጀምር ይቆማል። ሁለተኛው፦ በውኃ እኩል ለእኩል። በደንብ ይሮጣል፣ ግን ሲደርቅ ተንጣሎ ጠፍጣፋ ሆነ፣ የፀጉር ዱካ የሚባል የለም። ሦስተኛው፦ ለአራት ማንኪያ ኮላ አንድ ማንኪያ ውኃ። ብሩሹ ይሄዳል፤ ሲያልፍም ኮላው የተሠራ ጸጉር እንደሚከፈል መስመር መስመሩን ይዞ ይቆማል። በጥፍሬ ስነካው ሸንተረሩ ይሰማኛል። እንዲታየኝ ጥቂት ጥቁር ቀለም ጠብ አደረግኩበት፤ ልክ ስኳሩ ላይ እንደሚደረገው።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። ህትመት ይገለብጣል። በካርቦን ሳስተላልፍ አስቀድሜ ገልብጬው ነበር፤ አሁን በቀጥታ ካርቶኑ ላይ ስለምሠራ ወረቀቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲወጣ ከቀኝ ወደ ግራ መምታት አለብኝ። ቀኝ እጄ ይህን አልለመደም፤ ክርኔ ጎኔን ይመታዋል። ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት። ግራ እጄ መጻፍ አያውቅም፣ መፈረም አያውቅም፣ መጨረሻ ላይ ቀንጨብ ማድረግ የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አልሰማም። ዘጠነኛው ካርቶን ላይ የሚሆን ምት አገኘሁ። የ38ኛው ጋዜጣ ወንድም አይደለም፤ ወፈር ያለና ደንጋራ ነው፤ መሃሉ ላይ ተንገዳግዶ የቆመ ይመስላል። ወደድኩት።

ታኅሣሥ 21

ቸኮልኩ። ኮላው ከላይ ደርቆ ሳየው ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት፤ ዛሬ ጥቁር ቀለም ሮለር አደረግኩበት፤ ግራጫው መስመር አስቀድሞ የታተመበትን ወረቀት አስተኛሁበት፤ በማንኪያ ፈገፈግኩ። ላነሳው ስል የብሩሹ መነሻ ላይ፣ ኮላው በጣም በወፈረበት ቦታ፣ ወረቀቱ ተጣበቀ። ቀስ ብዬ ሳብኩ፤ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ካርቶኑ ላይ ቀርቶ ተቀደደ። ውስጡ ገና እርጥብ ነበር። የታኅሣሥ ብርድ ቤት ውስጥ ሳይቀር ኮላ እንደማያደርቅ የገባኝ አሁን ነው።

ካርቶኑን በእርጥብ ጨርቅ አጽድቼ፣ በፀሐይ ፊት መስኮት ላይ አቆምኩት። ገና ከማለፉ በፊት አልነካውም። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ዕቅድ ሰረዝኩት።

ጥር 2

በዓሉ አለፈ፤ ካርቶኑ እንደ አጥንት ደርቋል። አንድ ችግር ተፈታ ማለት ግን ሌላ ተወለደ ማለት ነው፦ ኮላው ከካርቶኑ ከፍታ ያለው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ለስላሳው ሮለር ወደ ታች እየሰመጠ ዙሪያውን ሁሉ ያጠቁረዋል። ጠንካራውን ሮለር ሞከርኩ፤ የሸንተረሩን አናት ብቻ ነካ። ዙሪያው ላይ የሚቀረውን ጥቂት ጥቁር ላምባ በነካ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በምቱ ዙሪያ እንደ ጥላ ያለች ነገር ትቀራለች። ይህችን ብፈልጋት አላገኛትም ነበር።

ለማጋጠሚያ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ካርቶን በማዕዘን ቅርጽ አጣብቄአለሁ። የመስመሩ ጣውላ እዚያ ማዕዘን ውስጥ ይገባል፣ ወረቀቱ ይተኛበታል፤ ቀለሙ ሲደርቅ የምቱ ካርቶን በዚያው ማዕዘን ይገባል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይዛነፋል። ለመስመር በመስመር ቢሆን ያለቅሳል፤ ለመስመር በምት ግን ማንም አያየውም።

ጥር 8

ዕትሙ ወጣ። መስመሩ ከአራት ቀን በፊት በ16 ወረቀት ላይ ታትሞ በሲባጎ ተሰቅሎ ሲደርቅ ቆይቷል፤ ዛሬ ምቱ ከላይ ወረደበት። አንዱ ታጠፈ፤ ሦስቱ ላይ ማንኪያዬ ሰንፎ ጥቁሩ መሃል ላይ ሳሳ፤ ሁለቱ ላይ ደግሞ ጣቴ አርፏል። አሥር ተረፈ።

ስድስተኛው ላይ ቆሜ ቆየሁ። ግራጫዎቹ ቋሚ መስመሮች በጥቁሩ ምት ሥር ይገባሉ፤ የፀጉሮቹ ዱካ በተከፈተበት ቦታ ደግሞ እንደገና ብቅ ይላሉ፤ እንደ አጥር ጀርባ ሰው ሲያልፍ። የክቡ ጭረት ከምቱ ጠርዝ ወጥታ ትታያለች። ከየትኛው ጣውላ እንደመጣች አሁን መለየት አይቻልም፤ ጥቁሩ ምት ከሸረፈው መስመር የወጣች ትመስላለች። አልነካኳትም፤ በቦታዋ የተቀመጠችው በራሷ ነው።

አሥራ አንድ ቀን የቀረጽኩት የሞተው ጣውላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ለሚቀጥለው ሥራ ይሆናል።

ጥር 13

ጥምቀት እንዳለፈ ከሥር በእርሳስ ቁጥር ጻፍኩባቸው፦ ከ1/10 እስከ 10/10፤ ፈረምኩ። ፊርማው ላይ ቀንጨብ አለ፤ እዚያ ምን ይደረጋል።

ጣቴ ያረፈበትን አንዱን ወረቀት ይዤ ወደ ጋሼ ወጣሁ። ንድፉ ከጥለታቸው ስለመጣ እንዲያዩት ብዬ ነው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘረጉት። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ሲጀምር ገባኝ።

«ሃያ አራት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሃያ ሦስት ነው።»

ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ነው። ከክቡ በስተግራ ሁለት መስመር የነበረበት ቦታ ላይ በመቅረጽ ብዛት አንዱን አጥፍቼዋለሁ። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ጣውላውን በየቀኑ እያየሁት አላየሁትም።

«ደረጃው ግን ትክክል ነው» አሉ፤ በጣታቸው ሰያፉን ተከትለው እየወጡ። ከዚያ ጥቁሩ ምት ላይ ደርሰው ቆሙ። ወደ ጎንም አዩት፣ ወደ ላይም አዩት። «ይህ ስንት ክር ነው?» አሉኝ።

«እሱ አይቆጠርም፤ በብሩሽ አንዴ የተመታ ነው።»

«የማይቆጠር ነገር የለም፣ ልጄ። ይቆጠራል።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከምቱ መነሻ፣ ኮላው ከወፈረበት ቦታ፣ ጀመሩ። የብሩሹን ዱካ በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየለዩ፣ ሁለት ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ላይ። መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ከውጭ ሰው ጠራቸው። መልሰው «ቆይ!» አሉና፣ ከአንድ ጀመሩ።